የሩዝ ገለባ ለጣና ዳር ቡና

በሰሜን ጎንደር ደጋ፣ በደባርቅና በዳባት፣ ቡና በየቤቱ ይጠጣል እንጂ አይበቅልም፤ ውርጭ የሚወድቅበት አገር ለዚህ ተክል አይስማማውምና። ነገር ግን ከጎንደር ከተማ ወደ ጎርጎራ የሚወርድ መንገደኛ፣ የደንቢያን ሜዳ አልፎ ከባሕር ጠለል 1800 ሜትር ገደማ ከፍ ወደሚለው የጣና ዳር ሲደርስ፣ በየጓሮው ጥቂት ጥቂት የቡና እግር ማየቱ አይቀርም፤ ከሐይቁ በስተደቡብም በዘጌ ገዳማት ዙሪያ ከጥንት ጀምሮ የኖረ የቡና ደን አለ። ስለዚህ ቡና፣ ይልቁንም ቡናውን ስለሚያንቀው አረም፣ አንድ ሐሳብ ላቀርብ እወዳለሁ።

በአገራችን ዝናሙ ከሰኔ እስከ መስከረም ተሰብስቦ ስለሚወርድ አረሙም በዚያው ወራት ተሰብስቦ ይነሣል። ገበሬው ያን ጊዜ እጁ ከጤፉና ከበቆሎው ላይ አይላቀቅም፤ ክረምቱም የፍልሰታን ጾምና የብዙ ቅዱሳንን በዓላት የያዘ ነውና፣ በዓሉን አክብሮ ሲመለስ ጓሮው በእንግጫና በሰርዶ ተውጦ ይጠብቀዋል። በዓል ማክበር የአበው ሥርዓት ስለሆነ እንዲተው አልመክርም፤ የምመክረው በበዓል ቀንም ሳይታክት አረሙን የሚያግድ ነገር ከቡናው ሥር ማኖርን ነው። መኮትኮትም ቢሆን ጉዳት አለበት፤ የቡናን ምግብ ከአፈር የሚሰበስቡት ቀጫጭን ሥሮች አብዛኞቹ እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ባለው ጥልቀት ውስጥ ስለሚገኙ፣ ዶማው በወረደ ቁጥር አረሙንና ሥሩን አብሮ ይበጥሳል። በወንጌል ምሳሌ የእርሻው ጌታ እንክርዳዱ እንዳይነቀል የከለከለበትን ምክንያት የሚያስታውስ አንባቢ ይህ ነገር እንግዳ አይሆንበትም።

የዘጌ ትውፊት ቡናውን የተከሉት አቡነ በትረ ማርያም እንደ ሆኑ፣ በዚያም ምድር ማረሻ እንዳይገባ እንደ ገዘቱ ይተርካል። ሳይታረስ የኖረው ያ ደን ከጥላ ዛፎቹ የሚረግፈውን ቅጠል በየዓመቱ ለመሬቱ ያለብሰዋል፤ ብርሃን የተከለከለ የአረም ዘርም ቢበቅል እንኳ ኃይል አያገኝም። ጥላ በሌለው ጓሮ የቆመው የጎርጎራ ቡና ግን ይህ ልብስ የለውም። ጉዝጓዝ የምንለው ዘዴ ይህንኑ ልብስ በሰው እጅ ማልበስ ነው፤ ዝናም ባቆመባቸው ረጅም የበጋ ወራትም የአፈሩን እርጥበት ያቆያል።

ታዲያ በምን እንጎዝጉዝ? ብዙ ጊዜ ሲመከር የምሰማው ጭድ ነው፤ እኔ ግን በዚህ ፈጽሞ አልስማማም። የጤፍ ጭድ በጎንደር ምድር የበሬ ቀለብ ነው፤ ከጭቃ ጋር ተቦክቶም የቤት ግድግዳ ይመረግበታል፤ በሚያዝያ በሬው የከሳበትን ገበሬ ጭድህን ለቡና አንጥፍ ማለት ድኻን መበደል ነው። ከብት የማይበላው ገለባ ግን በአቅራቢያችን አለ። በደርግ ዘመን የሰሜን ኮርያ ባለሙያዎች በፎገራና በደራ፣ በሻጋና በጅግና የአምራች ማኅበራት፣ ያስለመዱት ሩዝ ዛሬ ወደ ሊቦ ከምከምና ወደ ደንቢያ ተስፋፍቷል፤ በወረታም የብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል ቆሞለታል። ሩዝ ሲፈለፈል ከክብደቱ አንድ አምስተኛው ገደማ ገለባ ሆኖ ይወጣል፤ ፉርሽካው ለከብት ሲሰጥ ገለባው ሲሊካ የበዛበት በመሆኑ ለመኖ አይረባም። ፈጥኖ የማይበሰብሰውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ለጉዝጓዝ የተመቸውም ስለዚህ ነው። በአንድ የቡና እግር ዙሪያ አንድ ካሬ ሜትር ያህል ስፍራ በ5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ለመሸፈን 5 ኪሎ ገደማ ይበቃል፤ እንግዲህ ከአንድ ኩንታል ሩዝ የሚወጣው 20 ኪሎ ገለባ ለ4 እግር ቡና ይሆናል፤ 200 እግር ያለው ጓሮም ከ50 ኩንታል ሩዝ በተረፈው ይሸፈናል ማለት ነው።

የቡናው የራሱ ገለፈት፣ ጀንፈሉ ሲወቀጥ የሚጣለው፣ ፖታስየም የበዛበት ስለሆነ ከሩዙ ገለባ ላይ ቢደረብ መልካም ነው፤ ከታመመ ቡና የተገኘ ከሆነ ግን አስቀድሞ ብስባሽ መሆን አለበት። ሰርዶ በጉዝጓዝ ብቻ አይሞትም፤ ሥሩ አስቀድሞ ተለቅሞ ካልወጣ ገለባውን ሰንጥቆ ይወጣል። ጉዝጓዙ ከግንዱ አንድ ስንዝር ይራቅ፤ የተጠጋ እንደ ሆነ ግንዱን ያበሰብሳል፣ ምስጥም ይጠራል። ገለባው ሲበሰብስ ከአፈሩ ናይትሮጅን ስለሚሻማ ፍግ ከሥሩ ቢነጠፍለት ይበጃል። ነፋስ እንዳይወስደውም መሬቱ ሲረጥብ ይነጠፍ።

የሐይቁን አረም እንቦጭን አድርቀን እንጎዝጉዝ ለሚል ሰው መልሴ ዘሩ ለብዙ ዓመታት ሳይሞት ስለሚቆይ ጎርፍ ወደ ሐይቁ እንዳይመልሰው እፈራለሁ የሚል ነው። በጣና ዳር የአረም መድኃኒት መርጨትንም በዚሁ በጎርፉ ምክንያት አልደግፍም።

ገለባ ክብደቱ ቀላል፣ ስፍራው ግን ብዙ የሆነ ጭነት ስለሆነ አንድ ገበሬ ብቻውን ሊያጓጉዘው አይችልም። ስለዚህ የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤቶችና የኅብረት ሥራ ማኅበራት፣ ሩዙ በኅዳርና በታኅሣሥ ከተሰበሰበ በኋላ ከየወፍጮ ቤቱ የሚወጣውን ገለባ መንገዱ ደረቅ ሳለ ሰብስበው፣ እሳት በማይደርስበት ስፍራ እስከ ሰኔ ቢያቆዩት፣ ቡና ያለውም ሁሉ ከመጀመሪያው አረም በኋላ ድርሻውን እንዲወስድ ቢያደርጉ፣ በመጪው ክረምት በደንቢያ ዳር ባሉ ጥቂት ጓሮዎች መጀመር ይቻላል።