ረቂቁን ማን ጻፈው?
የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ሲረቀቅ የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት ኤጀንሲ (ኢንሳ) ዋነኛ እጅ ነበረበት፤ አዋጁም መልሶ ለኤጀንሲው የዲጂታል ፎረንሲክ ምርመራ ሥልጣን ሰጠው። አስቸኳይ ከሆነ ደግሞ በወቅቱ የነበረው ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ የግንኙነት ጠለፋ ሊፈቅድ እንደሚችል አዋጁ ደነገገ፤ ምክንያቱንም ለፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት በ48 ሰዓት ውስጥ እንዲያቀርብ አዘዘ። ከቦሌ እስከ ሲኤምሲ በስልኩ የሚነግደውን ሁሉ የሚነካው ይህ ሕግ የጸደቀው 547ቱም መቀመጫ በኢሕአዴግና በአጋሮቹ በተያዘበት ምክር ቤት ነው፤ እንዲያ ያለ ቤት የደህንነት ረቂቅ አበጥሮ ይፈትሻል ማለት ዘበት ነው። «ሙያው ያለው ኢንሳ ጋ ነው» የሚለው መከራከሪያ ውሃ ያነሳል፤ የሳይበር ጥቃትም ተረት አይደለም። ባለሙያ ግን በይፋ ቀርቦ ያስረዳል እንጂ የራሱን ሥልጣን ወሰን ራሱ አይጽፍም። ምክር ቤቱ ከእያንዳንዱ የደህንነት ረቂቅ ጋር የአርቃቂዎቹን ተቋማት ስም ለሕዝብ ይግለጽ።