የቤት ትርፍ የሚታወቀው በመዝገቡ ነው

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፤

በዚህ ዐምድ ላይ የመንግሥት ሠራተኞች ስለ ኑሮ፥ ስለ ቤት ኪራይና ስለ ቁጠባ የሚጽፉትን አስተያየት ዘወትር እከታተላለሁ። እኔም በበኩሌ፥ በአንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ የማስተምር ሰው እንደ መሆኔ፥ ገንዘብን በቤት ላይ ስለ ማዋልና ስለ ሕንፃ ሥራ ጥራት ጥቂት ቃል እንድሰጥ ቢፈቀድልኝ ደስ ይለኛል። ስለ ትርፉ የሚያወራው ነጋዴው፥ ስለ ጥራቱ የሚያወራው መሐንዲሱ ስለ ሆነ ሁለቱ ጉዳዮች የማይገናኙ ይመስላሉ። ነገር ግን አንድ ጉዳይ ናቸው፤ ይህንኑ ለማስረዳት እሞክራለሁ።

በየመሥሪያ ቤቱና በየመምህራን ማረፊያ ክፍሉ «ቤት አይከስርም» የሚለው ንግግር እንደ ሕግ ተቆጥሯል። አንዱ ከደመወዙ እየቀነሰ የጋራ መኖሪያ ሕንፃ ዕጣ ይጠብቃል፤ ሌላው ከባልደረቦቹ ጋራ በማኅበር ተደራጅቶ ይሠራል፤ ሦስተኛው ከዘመድ ተበድሮ ይገዛል። እንዲህ ማድረጋቸው ክፉ ነው አልልም። ክፉው ነገር ከዚያ ወዲያ ሒሳብ አለመሥራታችን ነው። አንድ ሰው «ከ10 ዓመት በፊት በ500 ሺህ ብር የገዛሁት ቤት ዛሬ 4 ሚሊዮን ብር ያወጣል» ቢለን ስምንት እጥፍ አተረፈ ብለን እናደንቃለን። የብሩ የመግዛት ዐቅም በዚያው ዘመን ምን ያህል ዝቅ እንዳለ ግን አንጠይቅም። በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው አሠራር ሲለወጥ፥ 57 ብር ገደማ የነበረው የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ መድረሱን ሁላችንም አይተናል። በክንድ ጨርቅ የሚለካ ሰው ክንዱ ቢያጥር ጨርቁ የረዘመ ይመስለዋል፤ የእኛም ነገር እንደዚሁ ነው።

የምጣኔ ሀብት ሊቃውንት ግን ይህን ጉዳይ በሚገባ ለክተውታል። እ.ኤ.አ. በ2019 ኦስካር ጆርዳ፥ ካታሪና ክኖል፥ ዲሚትሪ ኩቭሺኖቭ፥ ሞሪትስ ሹላሪክና አለን ቴይለር የተባሉ አምስት ተመራማሪዎች፥ በ16 የበለጸጉ አገሮች ከ1870 እስከ 2015 ድረስ ያለውን ልዩ ልዩ ሀብት ትርፍ አጥንተው አሳተሙ። የዋጋ ንረት ከተቀነሰ በኋላ የመኖሪያ ቤት ትርፍ በአማካይ በዓመት ከመቶ 7 ገደማ ሆኖ ተገኘ፤ ይኸውም ከአክሲዮን ትርፍ ጋራ የሚተካከል፥ መዋዠቁም ከአክሲዮን ያነሰ ነው። ይህን የሰማ ሁሉ «ቤት አይከስርም ያልነው እውነት ሆነ» ቢል አይፈረድበትም።

ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2021 ዴቪድ ቻምበርስ፥ ክሪስቶፍ ስፔንየርስና ኤቫ ስታይነር የተባሉ ሌሎች ተመራማሪዎች በሌላ መንገድ መጡ። እነዚህ የአገር አማካይ አኀዝ ከመውሰድ ይልቅ፥ በኦክስፎርድና በካምብሪጅ የሚገኙ አራት ታላላቅ ኮሌጆች ከ1901 እስከ 1983 የያዙትን የሒሳብ መዝገብ ገልጠው የእያንዳንዱን ንብረት ገቢና ወጪ በእጃቸው ለቀሙ። ወጪው ሁሉ ከተቀነሰ በኋላ የመኖሪያ ቤቱ እውነተኛ ትርፍ በዓመት ከመቶ 2.3 ገደማ፥ የእርሻ መሬቱ ደግሞ 4.5 ገደማ ሆኖ ተገኘ። ከኪራዩ የተገኘውም ገቢ የዋጋ ንረት ሲቀነስለት በረጅም ዘመን ውስጥ ከሞላ ጐደል ምንም አላደገም።

ለተማሪዎቼ እንደማስረዳው እዚህም ላይ ላስረዳ። በዓመት ከመቶ 7 የሚያተርፍ ገንዘብ በ10 ዓመት ገደማ እጥፍ ይሆናል፤ በዓመት ከመቶ 2.3 የሚያተርፍ ግን እጥፍ ለመሆን 30 ዓመት ያህል ይፈጅበታል። ሠላሳ ዓመት ማለት የአንድ የመንግሥት ሠራተኛ የአገልግሎት ዘመን ማለት ነው። እርግጥ ሁለቱ ጥናቶች የተመለከቱት አገርና ዘመን አንድ ስላልሆነ ልዩነቱን ሁሉ በጥገና ወጪ ማሳበብ አይገባም፤ የመጀመሪያዎቹም ተመራማሪዎች ወጪን ጨርሰው አልዘነጉም። ዳሩ ግን የሚያስተምረን ነገር ግልጽ ነው፤ ቤቱን ከሩቅ ያየው ሰው ብዙ ትርፍ አየ፥ መዝገቡን የገለጠው ሰው ጥቂት ትርፍ አገኘ።

ኮሌጆቹ መዝገብ ባይዙ ኖሮ ይህ ሁሉ ባልታወቀም ነበር። እኔ ያደግሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት እንዲህ ያለ ልማድ ነበረው። ለእያንዳንዱ ሕንፃ በአንድ ወፍራም መዝገብ ላይ ገጽ ተከፍቶለት፥ ቆርቆሮው የተቀባበት ዓመት፥ አሸንዳው የተጠገነበት ቀን፥ የወጣው ገንዘብና የሠራው ሰው ስም ይጻፍበት ነበር። ክረምት ሳይገባም ተማሪዎች በየተራ አሸንዳ እንጠርግ ነበር። በዚያን ጊዜ የፈረንጅ ቁጥብነት ይመስለን ነበር፤ ዛሬ ሳስበው ግን የንብረት አያያዝ ትምህርት ነበር። አሁን በማውቃቸው የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች ግን ከነዋሪው የሚሰበሰበው መዋጮ ለጥበቃና ለጽዳት ይበቃ እንደ ሆነ እንጂ፥ ጣራውና የፍሳሽ ቧንቧው መቼ እንደ ተጠገነ የሚናገር አንዲት ወረቀት አይገኝም።

የጥገና ወጪስ ከየት ይመጣል? አብዛኛው የሚወለደው ገና ሰው ሳይገባበት፥ አርማታው በሚሞላበት ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. በ1918 ዳፍ ኤብራምስ የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ በቺካጎ ከተማ ካደረገው ብዙ ሙከራ በኋላ፥ የአርማታ ጥንካሬ በተለይ የሚወሰነው በውኃውና በሲሚንቶው መመጣጠን መሆኑን አስረዳ። ውኃው ሲበዛ ድብልቁ ለሥራ ይቀላል፥ ሠራተኛውም ይወደዋል፤ ነገር ግን ትርፉ ውኃ ሲተን ጥቃቅን ባዶ ቦታ ትቶ ይሄዳል፤ በዚያም እርጥበትና አየር ይገባል። እርጥበቱ ከፌሮው ሲደርስ ብረቱ ይዝጋል፤ ዝገትም ከብረቱ የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ አርማታውን ከውስጥ ገፍቶ ይሰነጥቀዋል። እንዲሁም አዲስ የተሞላ አርማታ ቢያንስ ለአንድ ሳምንት ያህል ውኃ እየጠጣ መቆየት ሲገባው፥ ለጥድፊያ ሲባል በሁለተኛው ቀን ፀሐይ ላይ ይጣላል። የሳምንት ውኃ ዋጋው ስንት ነው? ከ15 ዓመት በኋላ ምሰሶ መጠገንስ ስንት ያስወጣል? ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚለው ተረታችን ለዚህ የተነገረ ይመስላል።

ጉድለት በተገኘ ቁጥር ግንበኛውንና የቀን ሠራተኛውን መውቀስ ግን ልማዳችን ሆኗል። ይህ ደግሞ ሁልጊዜ ፍትሕ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1992 ጄምስ ቡራቲና ባልደረቦቹ በአሜሪካ ዘጠኝ የኢንዱስትሪ ግንባታዎችን መርምረው፥ ከተፈለገው ጥራት የወጣውን ሥራ ለማረም በአማካይ ከጠቅላላው ወጪ ከመቶ 12.4 መፍሰሱን ጽፈዋል። የሚያስደንቀው ነገር የዚህ ወጪ አብዛኛው ከሦስት አራተኛው በላይ የመጣው ከግንባታው ሳይሆን ከንድፉ ስሕተትና ለውጥ መሆኑ ነው። እንግዲህ ጥፋቱ ከአካፋው በፊት በወረቀቱ ላይ ተጀምሮ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ወረቀቱ ካልተቀመጠ ግን ማን እንዳጠፋ በምን ይታወቃል?

ከዚህም ሌላ የገበያ ጉዳይ አለ። ጆርጅ ኤከርሎፍ የተባለው የምጣኔ ሀብት ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው ጽሑፍ፥ ገዢው የዕቃውን ጥራት ለይቶ ለማወቅ በማይችልበት ገበያ መልካሙ ዕቃ ከመጥፎው እንደሚሸነፍ አስረዳ፤ በ2001ም የኖቤል ሽልማት ከተካፈሉት አንዱ ሆነ። ነገሩን በቅቤ ገበያ ማየት እንችላለን። ንጹሑ ቅቤና የተቀላቀለው በመልክ ካልተለዩ ገዢው በመካከለኛ ዋጋ ይጠይቃል፤ በዚያ ዋጋ የንጹሕ ቅቤ ባለቤት ይከስራል፥ የቀላቀለው ያተርፋል፤ በመጨረሻም ንጹሕ ቅቤ ይዞ የሚመጣ ይጠፋል። ቤትም እንደዚሁ ነው። ልስንና ቀለም ከተቀባ በኋላ ስንት ፌሮ እንደ ገባ፥ ምን ያህል ሲሚንቶ እንደ ተጨመረ ዐይን ሊያየው አይችልም። ስለዚህ በሐቅ የሚሠራው ተቋራጭ ዋጋው ተወደደ ተብሎ ይቀራል፤ የሸፈጠው ያሸንፋል።

ሕግ የለንም እንዳንል አለን። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 3039፥ ሥራ ተቋራጩ ሕንፃውን ካስረከበ ጀምሮ ለ10 ዓመት ስለ ሥራው ደኅንነትና ጥንካሬ ዋስ እንዲሆን ያዝዛል። ይህ እጅግ የሚያኰራ ድንጋጌ ነው። ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1978 ዓ.ም. ባወጡት ሕግ ለእንደዚህ ያለው የ10 ዓመት ኀላፊነት መድን መግባትን ግዴታ አድርገውታል። ነገር ግን ዋስትና ያለ ማስረጃ ምን ይጠቅማል? በስምንተኛው ዓመት ግድግዳው የተሰነጠቀበት ነዋሪ ንድፉንም፥ የምርመራውንም ውጤት፥ የተቈጣጣሪውንም ስም ካላገኘ፥ መብቱ በመጽሐፍ ላይ ተጽፎ የቀረ መብት ነው።

ነገሩ የገንዘብ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባላስቸገርሁ። ኒኮላስ አምብራሲስና ሮጀር ቢልሃም የተባሉ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተሙት ጽሑፍ፥ ከዚያ በፊት በነበሩት 30 ዓመታት በመሬት መንቀጥቀጥ ጊዜ ሕንፃ ተንዶባቸው ከሞቱት ሰዎች ከመቶ 83ቱ የሞቱት፥ ከሀብታቸው መጠን አንጻር ሙስና ከሚጠበቀው በላይ በበዛባቸው አገሮች መሆኑን አሳይተዋል። ጥር 29 ቀን 2015 ዓ.ም. በቱርክ በደረሰው መንቀጥቀጥ በዚያች አገር ብቻ ከ50 ሺህ በላይ ሰው አልቋል። እኛም ብንሆን በስምጥ ሸለቆ አጠገብ የምንኖር ሕዝብ ነን፤ በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የተደጋገመው መንቀጥቀጥ እስከ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቶ፥ ብዙ ሰው ከፎቅ ወደ ታች ሮጧል። በዚያች ሰዓት በደረጃው ላይ የሚሮጥ ሰው ስለ ቤቱ የገበያ ዋጋ አያስብም፤ ምሰሶው ይችል እንደ ሆነ ብቻ ይጨነቃል።

ስለዚህ በእኔ አስተያየት እያንዳንዱ ሕንፃ የራሱ መዝገብ እንዲኖረው ያስፈልጋል። በመዝገቡ የሚገባው ብዙ አይደለም። አንደኛ፥ ሕንፃው በእርግጥ የተሠራበት ንድፍና በሥራው መካከል የተደረገው ለውጥ፤ ሁለተኛ፥ የአፈሩ ምርመራና የአርማታው ናሙና በ28ኛው ቀን የሰጠው ውጤት፥ ከተቋራጩና ከተቈጣጣሪው መሐንዲስ ስምና ፊርማ ጋራ፤ ሦስተኛ፥ ከርክክቡ በኋላ የተደረገው ጥገና ሁሉ ከነቀኑና ከነወጪው። ይህ መዝገብ ከቁልፉ ጋራ ለባለቤቱ ወይም ለነዋሪዎቹ ማኅበር ይሰጥ፤ አንዱ ግልባጭ በክፍለ ከተማው ይቀመጥ። ቤቱ ሲሸጥ ገዢው፥ ብድር ሲጠየቅም ባንኩ አስቀድሞ መዝገቡን ይመልከት። የነዋሪዎች ማኅበር በ1995 ዓ.ም. በወጣው የጋራ ሕንፃ ቤት አዋጅ ቁጥር 370 ቦታ የተሰጠው ስለ ሆነ፥ መዝገቡን የሚይዝ አካል አዲስ መፍጠር አያስፈልግም።

ምናልባት «ይህ ወጪ ይጨምራል፥ ቤቱንም ያስወድዳል» የሚል ይኖራል። ምርመራው በሚገባ የሚሠራ ከሆነ ውጤቱ አስቀድሞ የተጻፈ ነው፤ የሚቀረው ከሣጥን ወጥቶ ለባለቤቱ መሰጠቱ ነው። ምርመራው የማይሠራ ከሆነ ደግሞ ርካሽ የመሰለን ቤት ርካሽ አይደለም፤ ዕዳውን ለልጆቻችን አስተላለፍነው እንጂ። ሌላው «ወረቀት በሐሰት ይሞላል» ይል ይሆናል። ሊሞላ ይችላል፤ ነገር ግን በፊርማው የዋሸ ሰው ይጠየቃል፥ ምንም ያልጻፈ ሰው ግን በምን ይያዛል?

መዝገቡ ለትምህርትም ይጠቅማል። በዩኒቨርሲቲዎቻችን የግንባታና የምጣኔ ሀብት ትምህርት የሚማሩ ወጣቶች የመመረቂያ ጽሑፋቸውን በሌላ አገር አኀዝ ላይ ከሚመሠርቱ፥ የእኛን ሕንፃዎች መዝገብ ሰብስበው በአዲስ አበባ አንድ ቤት በእርግጥ ስንት እንደሚያተርፍ፥ የትኛውም ጉድለት የበለጠ እንደሚያስከፍል ሊነግሩን በቻሉ ነበር።

ወንድሞቼና እኅቶቼ የመንግሥት ሠራተኞች ሆይ፤ ሕጉ እስኪወጣ መጠበቅ የለብንም። በየመሥሪያ ቤታችን ለደብዳቤ ገቢና ወጪ መዝገብ የምንይዝ ሰዎች፥ የዕድሜያችንን ቁጠባ ላፈሰስንበት ቤት አንድ ደብተር መክፈት አይከብደንም። በማኅበር የምትሠሩ ከተቋራጩ ጋራ ስትዋዋሉ የምርመራው ውጤት በእጃችሁ እንዲገባ በውሉ ላይ አስጽፉ፤ በጋራ ሕንፃ የምትኖሩም በሚመጣው ስብሰባችሁ የጥገናውን ነገር በአጀንዳ አስይዙ። የሚመለከታቸውም ባለሥልጣኖች ጉዳዩን እንዲያስቡበት በትሕትና አሳስባለሁ።

አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር
ከአዲስ አበባ