ቦይለር በርካሽነቱ አይመረጥም

የተከበራችሁ የሠፈራችን ነዋሪዎች፣

ብርዱ በበረታ ቁጥር ከየቤቱ የሚሰማው ጥያቄ «የትኛውን ቦይለር ልግዛ?» የሚል ነው። ብዙዎቻችን ሱቅ ገብተን አስቀድመን የምንጠይቀው ዋጋውን ነው። በእኔ አስተያየት ግን ከዋጋው በፊት ራሳችንን ሦስት ነገር መጠየቅ አለብን። ውሃችን እንዴት ይመጣል? የመብራት መስመራችን ምን ያህል ይችላል? በቤታችን ስንት ሰው ይታጠባል?

ይህንን የምለው ደርሶብኝ ነው። ባለፈው ዓመት «ርካሽ ነው» ብዬ፣ ከሻወሩ ጋር ተገጥሞ ውሃውን እያሳለፈ የሚያሞቀውን ትንሽ ማሞቂያ ገዛሁ። ቦታ አለመያዙ እውነት ነው። ነገር ግን የገዛሁት 5,500 ዋት የሚስብ ኖሯል፤ ይኸውም በ220 ቮልት 25 አምፔር ማለት ነው። የቤቴ የሶኬት መስመር ደግሞ የተዘረጋው ለ16 አምፔር ነው። ታዲያ ምን ይሆናል? ሽቦው ይግላል፣ ብሬከሩ በየጊዜው ይወርዳል። ውሃ በተራ ስለምናገኝ ከሮቶው ቀስ እያለ ሲወርድ፣ ግፊቱ አንሶት ማሞቂያው ጭራሽ አልሠራም ይላል። ከሁሉ የከፋው ግን የኧርዝ ሽቦ አለመኖሩ ነው። አንድ ቀን ልጄ ቧንቧውን ልትዘጋ ስትል ነዘራት። ተመስገን፣ ለክፉ አልሰጣትም።

ስለዚህ እንደኛ ውሃና መብራት ለሚቆራረጥበት ቤት ማጠራቀሚያ ያለው ቦይለር ይሻላል እላለሁ። 1,500 ዋት የሆነው የሚስበው 7 አምፔር ገደማ ብቻ ነው። 50 ሊትር ውሃ ከ15 ወደ 60 ዲግሪ ለማድረስ 2.6 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ ሁለት ሰዓት አይሞላም። ከቀዝቃዛ ጋር ሲደባለቅ ወደ 100 ሊትር የሚጠጋ ለብ ያለ ውሃ ይወጣዋል። መብራት ቢጠፋም ሙቀቱን ይዞ ይቆያል። ለአንድ ለሁለት ሰው 30 ሊትር፣ ለአራት ለአምስት ሰው ከ50 እስከ 80 ሊትር ይበቃል። ኸረ ቀኑን ሙሉ ማብራት ምን ያደርጋል! የመብራት ታሪፉ እንደሆነ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የሚያሻቅብ ነው።

የራሱ ጣሪያ ያለው ደግሞ የፀሐይ ማሞቂያን ያስብበት። ሲገዙት ይወደዳል፤ በበጋ ግን ውሃ ለማሞቅ መብራት አይፈልግም። ሐምሌና ነሐሴ ደመና ስለሚበዛ በኤሌክትሪክ የሚታገዘውን መምረጥ ነው።

የትኛውንም ብንገዛ ኧርዝ ሳይኖረው፣ ሴፍቲ ቫልቭ ሳይገጠምለት አይከፈት። ታንከሩ ባዶ ሆኖ አይብራ። ለመታጠብ ከመግባታችን በፊትም ማጥፋትን ልማድ እናድርገው።

በመጨረሻም ለማኅበራችን ኮሚቴ አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። ወጪውን ተካፍለን፣ አንድ ቅዳሜ የታወቀ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ቤት ለቤት እየዞረ የሁላችንንም ኧርዝ ይመርምርልን። ለአንድ ቤት የሚከብደው ለሠፈር ይቀላል። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና ነገ ዛሬ ባንል መልካም ነው።

አክባሪያችሁ፣
አንድ የሠፈሩ ነዋሪ