ኢንዲያኖላ ለምን ተተወች?

ከተማን ጥሎ መሄድ ሽንፈት ነው የሚሉ ብዙዎች ናቸው። በእርግጥም የተወለዱበት መንደር፣ የወላጅ መቃብርና የተለፋበት ቤት በቀላሉ አይተዉም። ይሁን እንጂ ይህን ፍርድ ከመስጠታችሁ በፊት ኢንዲያኖላ በምትባል ትንሽ ከተማ ላይ የደረሰውን ተመልከቱ።

ኢንዲያኖላ በአሜሪካ፣ በቴክሳስ ግዛት፣ በማታጎርዳ ባሕረ ሰላጤ ዳር የነበረች የወደብ ከተማ ናት። ነዋሪዎቿ አምስት ሺህ ያህል ነበሩ። የቆመችበት መሬት ግን ከባሕሩ ወለል እምብዛም ከፍ አይልም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በመስከረም 1875 ሐሪኬን የሚባለው ብርቱ ዐውሎ ነፋስ መታት። ሐሪኬን የሚገድለው በነፋሱ ኃይል ብቻ እንዳይመስላችሁ። ነፋሱ የባሕሩን ውሃ እየገፋ ወደ የብስ ያመጣዋል፤ ዳርቻው ረባዳ ከሆነ የሚያግደው ነገር ስለማይኖር ውሃው ቤትና ጎዳና ሳይለይ ያጥለቀልቃል። በዚያን ጊዜ ከ150 የማያንሱ ሰዎች ሞቱ።

የተረፉት ከተማቸውን መልሰው ሠሩ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እነርሱ ግን ሞኞች አልነበሩም፤ ወደቡ እንጀራቸው ነበር። በነሐሴ 1886 ሌላ ዐውሎ ነፋስ መጣ፤ እሳትም ተጨመረበት። ከዚያ በኋላ ነዋሪዎቹ ከተማዪቱን ለቀው ሄዱ።

በዚያው የባሕር ዳርቻ በደሴት ላይ የምትገኘው ጋልቬስተን ይህን አይታለች። ከፍተኛው ቦታዋ እንኳ ሦስት ሜትር አይሞላም ነበር። ግንብ ይሠራ የሚል ሐሳብ ቢነሣም ሳይፈጸም ቀረ። በከተማዪቱ የአየር ጠባይ ተመልካች የነበረው አይዛክ ክላይን በ1891 በጋዜጣ ላይ ሲጽፍ ጋልቬስተን በእንዲህ ያለ ዐውሎ ነፋስ ክፉኛ ትጎዳለች ማለትን ከንቱ ሐሳብ አድርጎ ነቅፎታል። በጳጉሜን፣ እንደ እነርሱ አቆጣጠር መስከረም 8 ቀን 1900፣ ከአራት ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ውሃ ደሴቲቱን ሸፈናት። ከስድስት ሺህ የማያንሱ ሰዎች አለቁ፤ ከእነርሱም አንዷ የክላይን ባለቤት ነበረች።

ጋልቬስተን ከዚያ በኋላ ግንብ ሠራች፤ ቤቶቿን በማንሻ እያነሣች ከሥራቸው አሸዋ ሞላች። የ1915ቱን ዐውሎ ነፋስም በዚህ ተቋቋመችው። በ2008 ግን ውሃው ግንብ በሌለበት በኩል፣ ከጀርባዋ ገባ። እንግዲህ ባለጠጋ ከተማ እንኳ በግንብ የምታገኘው ጥበቃ ይህን ያህል ነው። አምስት ሺህ ሰው ያላት ኢንዲያኖላ ምን አቅም ነበራት? በእኔ አስተያየት ነዋሪዎቿ መሄዳቸው አያስነቅፋቸውም። የሚያሳዝነው ውሳኔው ዐሥራ አንድ ዓመት መዘግየቱ ነው።

የኢንዲያኖላ ፍርድ ቤት የቆመበት ቦታ ዛሬ በውሃ ውስጥ ነው፤ ከዳርቻው ዘጠና ሜትር ያህል ይርቃል።