ዲሽ ይፈቀዳል፣ ሽቦ ይከለከላል

ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያላችሁ ወገኖች፣ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። በረንዳችሁ ላይ የተሰቀለውን ዲሽ የቤት ባለቤቶች ማኅበሩ «አውርዱ» ብሏችሁ ያውቃል? እንደፈለገ ሊላችሁ አይችልም። የአሜሪካ ፌዴራል ኮሚዩኒኬሽን ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1996 ባወጣው ደንብ መሠረት፣ ስፋቱ ከአንድ ሜትር ያልበለጠ ዲሽ እናንተ ብቻ በምትጠቀሙበት በረንዳ ወይም ጓሮ ከተተከለ፣ የደኅንነት ጉዳይ ካልሆነ በቀር የማኅበር ውል አይከለክለውም። እሰየው ነው።

ተፈትኖ ፈቃድ ያወጣ የአማተር ሬዲዮ ሰው እዚያው በረንዳ ላይ ቀጭን ሽቦ ቢዘረጋ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ያው ኮሚሽን በ1985 ያሳለፈው ውሳኔ ከተማና ካውንቲ ለአማተር አንቴና ተገቢውን ቦታ እንዲሰጡ ያስገድዳል፤ የግል ማኅበራትን ውል ግን አይነካም። እንግዲህ ለማየትና ለመስማት መብት አላችሁ፣ ለመናገር ግን የጎረቤት ኮሚቴ ይፍቀድላችሁ ማለት ነው። ጋዜጠኝነት ለተማረ ሰው ይህ አያንገበግብም ትላላችሁ?

«ታዲያ ትንሿን አንቴና ገዝታችሁ አርፋችሁ አትቀመጡም?» የሚሉን አሉ። ተፈጥሮ ግን ከማኅበሩ ጋር ስብሰባ አልተቀመጠችም። የአንቴናን ርዝመት የሚወስነው የሞገዱ ርዝመት ነው። በ14 ሜጋኸርዝ የግማሽ ሞገድ ሽቦ 10 ሜትር ገደማ ይሆናል፤ በ7 ሜጋኸርዝ 20 ሜትር። ይህን ወደ ሜትር ተኩል ዱላ ስታሳጥሩት፣ አብዛኛው ኃይል በጥቅልሉና በመሬቱ ውስጥ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ሻጩ ይህን አይነግራችሁም። የሚነግራችሁ «ኤስደብሊውአሩ ዝቅተኛ ነው» ብሎ ነው። እሱማ ለሙከራ ተብሎ የሚሠራው፣ ኃይሉን ሁሉ ውጦ ሙቀት የሚያደርገው ዱሚ ሎድም ኤስደብሊውአሩ ዝቅተኛ ነው፤ ድምፃችሁ ግን ከቤት አይወጣም!

ከትንንሾቹ ውስጥ አንዱን ብቻ አከብራለሁ፦ ማግኔቲክ ሉፕ የሚባለውን ቀለበት። ጓሮ የሌለው፣ በረንዳ ብቻ ያለው ሰው አንድ ሜትር ስፋት ባለው ቀለበት በእርግጥ ይሠራል። ዋጋው ግን አለ። ድግግሞሹን ትንሽ በቀየራችሁ ቁጥር እንደገና መቃኘት ይጠይቃል፤ በ100 ዋት ደግሞ ካፓሲተሩ ላይ ያለው ቮልቴጅ በሺህ የሚቆጠር ነው። ልጅ ባለበት ቤት ልብ ይባል።

ታውንሀውስ ላለው ግን የኔ ምርጫ ሽቦ ነው። 10 ሜትር ሽቦ፣ ጫፉ ላይ አንድ ለ49 የሆነ ትራንስፎርመር፣ አለቀ። ከመስኮቱ እስከ ጓሮው ዛፍ ይዘረጋ፤ ካልሆነም ከኮርኒሱ በላይ። ጣሪያው ቆርቆሮ ከሆነ ወይም ሙቀት መከላከያው የአሉሚኒየም ፎይል ካለበት ግን ከኮርኒስ በላይ አትድከሙ፣ ታፍኖ ይቀራል። ሥሩ መኝታ ቤት ካለም ኃይላችሁን ቀንሱ፤ የጨረር ገደቡ ለእናንተም ቤተሰብ የወጣ ነው።

አሁን ወደ ንዴቴ ልመለስ። «ውሉን ፈርማችሁ ነው የገባችሁት» የሚለው መልስ አይገባኝም። የዲሹ ባለቤትስ ያንኑ ውል አልፈረመም? በ1996 መንግሥት ውሉን አልፎ ገባለት። ለእኛ ሲሆን ነው ውል የተቀደሰው? ተወካዮች ምክር ቤቱ በ2016ም በ2017ም የአማተሮችን ጥያቄ የሚመልስ ሕግ አሳልፎ ነበር፤ ሁለቱም ጊዜ ሴኔት ላይ ቀረ። የሚገርመው፣ በዚያው በ2017 ማሪያ የተባለችው አውሎ ነፋስ ፖርቶ ሪኮን ስትመታና ስልኩ ሲጠፋ፣ የአሜሪካ ቀይ መስቀል 50 የአማተር ሬዲዮ ኦፕሬተሮች ላኩልን ብሎ ለመነ። በችግር ቀን ጀግና፣ በደህናው ቀን የሠፈሩን ውበት አበላሽ!

ስለዚህ ሽቦውን ከመደበቃችሁ በፊት ለማኅበሩ በጽሑፍ ጠይቁ። የሽቦውን ውፍረት በሚሊሜትር፣ የሚሰቀልበትን ቦታ በሥዕል አያይዙ፤ ከከለከሉም ምክንያቱን በጽሑፍ አስጽፉ። ደግሞም ስብሰባው ላይ ተገኙ እንጂ። እኛ ሀበሾች መዋጮውን በሰዓቱ ከፍለን ስብሰባውን ለሌላ ሰው እንተወዋለን፤ ያ ሌላ ሰው ነው ሽቦ አስቀያሚ ነው ብሎ እጁን የሚያወጣው።