አውሬ አይከሰስም

ስለ ወረራው ዘመን የሚጻፍ ልብ ወለድ ታሪክ ጠላትን እንደ ሰው አድርጎ ሊያሳይ አይገባውም የሚሉ አሉ። ምክንያታቸውም የገዳዩን ሐሳብና ፍርሀት መተረክ እጁን ከደም ማጠብ ነው የሚል ነው። ይህ አሳብ ለአገር ከመቅናት የመጣ ቢሆንም፥ ሲመረመር በደለኛውን የሚጠቅም እንጂ ለተበደለው የሚፈርድ አይደለም። ጅብ አህያ ቢበላ ማንም ከዳኛ ፊት አያቆመውም፤ የሚከሰሰው ክፉና ደጉን የሚለይ ሰው ነውና። እንግዲህ ጠላትን አውሬ ያለው ሰው ከፍርድ አወጣው እንጂ አላዋረደውም። የቃየልም ቁጣና ፍርሀት የተጻፈው ምሕረት ለማሰጠት ሳይሆን፥ እያወቀ መበደሉ እንዲገለጥ ነው።

መዓዛ መንግሥቴ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2019 በእንግሊዝኛ ያሳተመችው፥ ስሙ በአማርኛ «የጥላው ንጉሥ» ማለት የሆነው መጽሐፍ ይህን ያስረዳል። በታሪኩ ኤቶሬ የተባለ የኢጣልያ ወታደር አለ፤ አባቱ አይሁዳዊ ስለ ሆነ የገዛ አገሩ ሕግ በወገኑ ላይ ይነሣበታል። እርሱ ግን ግፍ ምን እንደ ሆነ እያወቀ፥ ወደ ገደል የሚጣሉትን እስረኞች አለቃው እንዳዘዘው ፎቶግራፍ ያነሣቸዋል። አንባቢ ባዘነለት መጠን ይፈርድበታል። አርበኛው ኪዳኔም ለአገሩ እየተዋጋ የቤቱን አገልጋይ ሂሩትን በግድ ይደፍራታል። የእርሱ ጀግንነት የእርሷን እንባ አላደረቀም፤ የእርሷም እንባ የነፃነቱን ተጋድሎ ሐሰት አላደረገውም።

ይህን ነገር የሊበን አገር ሰው ከሩቅ መጽሐፍ ብቻ ሊማረው አይገባም። በየካቲት 1933 ዓ.ም. ጠላት ቡሬን ለቅቆ ዛሬ ፍኖተ ሰላም ባለችበት በኩል ወደ ደምበጫ ሲሸሽ፥ ከምሽጉ የወጣው ሠራዊት የሚበዛው በነጭ መኮንኖች ሥር የተሰለፈ ጥቁር ወታደር ነበረ። ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ለጠላት ሲያድሩ፥ ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬ በዱር ሆነው ይዋጉ ነበር። ጎጃም የወለዳቸው ሐዲስ ዓለማየሁም ዘምተው፥ ተማርከው፥ በኢጣልያ ታስረው ያዩትን «ትዝታ» በተባለው መጽሐፋቸው አትመውታል።

ስለዚህ የጎጃም ጸሐፊ የአርበኛውን ፉከራ ብቻ አይድገም፤ ወደ ባንዳው ቤትም ይግባ። የልጆቹን ረኀብ፥ የሚስቱን ዝምታ፥ የጠላትን ጠመንጃ የተቀበለባትን ሌሊት ይጻፍ። ያን ጊዜ ባንዳው «አላወቅሁም ነበር» የሚልበት አፍ አይኖረውም።