ሳጥኑ ታች ይጠብቅ

የሦስተኛ ፎቁ ጋሼ ያረፉ ዕለት እድርተኛው ሳጥኑን ይዞ ወጣ። ባዶውን እንኳ የወጣው በስንት መከራ ነው። አስከሬኑ ገብቶበት ሲወርድ ደረጃው መታጠፊያ ላይ ተቀረቀረ። ቀና እንዳያደርጉት ጣሪያ አለ። እንዳያጋድሉት ውስጡ ሰው አለ። በመጨረሻ ሽማግሌውን ከሳጥኑ አውጥተን፣ በብርድ ልብስ ጠቅልለን፣ ለአራት አወረድናቸው። ልጃቸው ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ከዚያ ወዲህ «ሰውን ማዕከል ያደረገ ዲዛይን» የሚል ባነር ሳይ ደሜ ይፈላል። ሆቴል ውስጥ፣ በሻይ ዕረፍትና በሻይ ዕረፍት መሃል፣ ባለሙያ ለባለሙያ ያወራዋል። ማዕከል የተባለው ሰው የታለ? ደረጃ ላይ ነዋ!

ከ1990ዎቹ አጋማሽ የገርጂ የሙከራ ግንባታ ጀምሮ የተሠሩት አብዛኞቹ ኮንዶሚንየሞች ከምድር በላይ አራት ፎቅ ናቸው፤ ሊፍት የላቸውም። ወጪ ለመቀነስ ነው ይሉኛል። እሺ፣ ድሃ ነን፣ ይገባኛል። ግን አንድ የእድር ዳኛ ጠርቶ «ሳጥናችሁ ስንት ሜትር ነው?» ብሎ መጠየቅ ስንት ብር ያስወጣል?

ማድ ቤቱንማ ተዉት። የእንጀራ ምጣድ ወርዱ 60 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። የትኛዋም ጋጋሪ በእጇ ለክታ ታሳይሃለች። የእኛ ማድ ቤት ምጣድ ከገባ ሰው አይገባም። እህቴ የምትጋግረው ኮሪደር ላይ ነው፤ ጎረቤት በሩን በከፈተ ቁጥር እንፋሎት ይቀበለዋል። ያን ፕላን የሳለው ሰው እንጀራ አይበላም? ይበላል እንጂ። ጋግሮ ግን አያውቅም፣ የሚጋግረውንም አልጠየቀም።

ለእውነት ልመስክርና፣ አንድ ጊዜ የጠየቀ ሰው ነበር። በየሳይቱ ከብሎኮቹ ጋር ማረጃና ልብስ ማጠቢያ የሚሆን የጋራ ቤት ተሠርቷል። «እነዚህ ሰዎች በጋቸውን የት ያርዳሉ?» ያለ አንድ አሳቢ ነበረ ማለት ነው። ባገኘው እጁን እስመዋለሁ። የቤት ዕጣ ሰብስቦን ሰላምታ እንኳ የማንለዋወጥ ሰዎች የተዋወቅነው እዚያ፣ ለፋሲካ ቅርጫ ስንካፈል ነው። እድሩን የወጠንነው እዚያው ቆመን፣ እጃችን ደም እንደነካው ነው። የጋሼ ለቅሶ ሦስቱንም ቀን ወጡ የተሠራው፣ ሽንኩርቱ የተላጠው እዚያ ነው። አንዲት ጥያቄ እድር ወለደች! ሌሎቹን ጥያቄዎች ማን ዋጣቸው?

አሁንም በከተማው ሙሉ ፎቅ እየተተከለ ነው። እኛ ሰፈር ግን ሜትር ይዞ፣ ደብተር ይዞ፣ «እንዴት ትኖራላችሁ?» ያለ እስከ ዛሬ አልመጣም። ቢመጣ ቡና አናጣም።

እናቴ አራተኛ ፎቅ ናት። ጉልበቷ እምቢ ካላት ወዲህ ቤተ ክርስቲያን የምትደርሰው በወር አንዴ፣ ለማርያም ነው፤ ሌላውን ቀን ደወሉን በመስኮት ሰምታ ታማትባለች። ባለፈው የእድሩ ዳኛ ሊጠይቃት መጥቶ ቡናውን እየቀዳችለት፣ «ልጄ፣ አደራህን» አለችው። «እኔን በጋቢዬ ጠቅልላችሁ አውርዱኝ። ሳጥኑ ታች ይጠብቀኝ።»